የአሮጌ መርከብ ቡሎን በምን ይተካል?

በ6ኛው መቶ ዓመት የኖረው የቢዛንታይን ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ፣ የአክሱሙ ንጉሥ ካሌብ ባሕር ተሻግሮ በሒምያር ላይ ስላደረገው ዘመቻ በተረከበት መጽሐፉ ውስጥ፣ በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ስለሚመላለሱት ጀልባዎች አንድ ትኩረት የሚስብ ነገር መዝግቦአል። የእነዚህ ጀልባዎች ሳንቃ እርስ በርሱ የተያያዘው በብረት ምስማር ሳይሆን በገመድ ነው። በዘመኑ የነበሩ ብዙ ሰዎች ለዚህ የሚሰጡት ምክንያት፣ በዚያ ባሕር ብረትን ወደ ራሳቸው የሚስቡ ዐለቶች አሉ የሚል ነበር። ፕሮኮፒዮስ ይህን አልተቀበለውም። ከአይላ፣ ማለትም ከዛሬዋ አቃባ፣ የሚነሡት የሮማውያን መርከቦች ብዙ ብረት ያለባቸው ሲሆኑ በዚያው ባሕር ሲጓዙ አንዳች ነገር አልደረሰባቸውም በማለት ወሬውን በዐይን በሚታይ ማስረጃ ካፈረሰው በኋላ፣ እውነተኛው ምክንያት ሕንዶችና ኢትዮጵያውያን ብረት ስለሌላቸውና ከሮማውያንም እንዳይገዙ በሞት የሚያስቀጣ ሕግ ስለሚከለክላቸው ነው ይላል።

የጸሐፊው የመጀመሪያ ሐሳብ የመሐንዲስ አስተሳሰብ ነው። ሁለተኛው ግን ያጠራጥራል፤ በአክሱም ቁፋሮ የብረት መሣሪያዎች ተገኝተዋልና። ይልቁንም በገመድ የተሰፋ ጀልባ የራሱ ጥቅም እንደነበረው መገመት ይቻላል። ሞገድ ሲመታው ይለመጣል እንጂ አይሰነጠቅም፤ ገመዱ ሲያረጅ ባለቤቱ በጥሶ በሌላ ገመድ ይሰፋዋል። በጣና ሐይቅ ላይ ያለው ታንኳ ከደንገል ታስሮ ሲሠራ አንድም ምስማር አይገባበትም፤ ስለዚህ ባለ ታንኳው «ይህን በምን ልተካው?» የሚል ጥያቄ አያስጨንቀውም።

እንጨት በብረታ ብረት መያያዝ ከጀመረ ወዲህ ግን ጥያቄው አልቀረም። ያረጀው ቡሎን ወጥቶ አዲስ መግባት ሲኖርበት፣ የማንም የመጀመሪያ መልስ ውፍረቱና ርዝመቱ እኩል የሆነ፣ ከተቻለም ከቀድሞው የጠነከረ ቡሎን መፈለግ ነው። በየወርክሾፑ በየቀኑ የሚደረገውም ይኸው ነው። ይህ መልስ በባሕር ላይ ምን ያህል እንደሚያሳስት ከሁሉ ይበልጥ በግልጽ የሚያሳየው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በ18ኛው መቶ ዓመት ያሳለፈው ታሪክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመዳብ ልባስና የብረት ምስማር

በሞቃት ባሕር የሚጓዝ የእንጨት መርከብ ሁለት ጠላቶች አሉት። አንደኛው እንጨት የሚቦረቡር የባሕር ትል ሲሆን፣ ሁለተኛው ከውኃ በታች ባለው የመርከቡ ገላ ላይ የሚበቅለው አረምና የሚለጠፈው ዛጎላም ፍጥረት ነው። ትሉ መርከቡን ከውስጥ ያደርቀዋል፤ አረሙ ደግሞ ፍጥነቱን ይገድለዋል። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ለዚህ መድኃኒት ፍለጋ ብዙ ከደከመ በኋላ፣ በ1761 አላርም የተባለችውን ባለ 32 መድፍ ፍሪጌት ከውኃ በታች ያለውን ገላዋን በሙሉ በስስ የመዳብ ሉሕ አለበሳትና ወደ ካሪቢያን ባሕር ላካት።

መርከቢቱ ተመልሳ በ1763 ስትመረመር የታየው ነገር ደስታና ድንጋጤ የተቀላቀለበት ነበር። መዳቡ ባለበት ስፍራ ትል አልገባም፤ አረምም አልበቀለም። ነገር ግን መዳቡን የያዙት የብረት ምስማሮች ብዙዎቹ ተበልተው አልቀው፣ ሉሖቹ በየቦታው ተገንጥለው ነበር። ብረትን ስለሚስብ ዐለት የሚነገረው አሮጌ ወሬ በሌላ መልክ እውነት የሆነ ይመስላል፤ ምስማሩን ከእንጨቱ ውስጥ የወሰደው ራሱ መከላከያ ሆኖ የተለጠፈው መዳብ ነውና።

መርማሪዎቹ አንድ ሌላ ነገርም አስተዋሉ። መዳቡ ከፋብሪካ ሲመጣ የተጠቀለለበት ቡናማ ወረቀት በአንዳንድ ስፍራ ሳይወልቅ በመዳቡና በብረቱ መካከል ቀርቶ ነበር። ወረቀቱ በቀረበት ስፍራ ያለው ብረት ደኅና ነው። ከዚህም መዳብና ብረት በባሕር ውኃ ውስጥ እንዲነካኩ መፍቀድ አይገባም የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሱ። ጋልቫኒ ስለ እንቁራሪት እግር ያደረገውን ምርምር ያሳተመው በ1791፣ ቮልታ የመጀመሪያውን ባትሪ የሠራው በ1800 መሆኑን ስናስታውስ፣ እነዚህ ሰዎች የነገሩን ምክንያት ሊያውቁ የሚችሉበት መንገድ እንዳልነበረ እንረዳለን። ያዩትን በትክክል መመዝገባቸው ብቻ ያስመሰግናቸዋል።

ምክንያቱ ዛሬ ለማኅበሩ አባላት እንግዳ አይደለም። ሁለት የተለያዩ ብረታ ብረቶች ተነካክተው በጨው ውኃ ውስጥ ሲቀመጡ ባትሪ ይሆናሉ፤ ከሁለቱ በኬሚካዊ ጠባዩ ደካማ የሆነው ይሟሟል፣ ሌላው ይጠበቃል። ብረት ከመዳብ ጋር ሲሆን የሚሟሟው ብረት ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን የስፋት ጉዳይ ነው። ደካማው ብረት ሰፊ፣ ጠንካራው ትንሽ ከሆነ ጉዳቱ በሰፊው ገላ ላይ ስለሚከፋፈል ቀስ ይላል። ደካማው ትንሽ፣ ጠንካራው ሰፊ ከሆነ ግን ጉዳቱ በሙሉ በትንሹ ላይ ይወድቃል። በአላርም ላይ የነበረው ሁኔታ ከሁሉ የከፋው ነበር፤ በብዙ ሜትር ካሬ የሚቆጠር መዳብ መካከል ጣት የማታህል የብረት ምስማር።

ወረቀቱ ያልያዘው ባሕር

የ1763ቱ ምርመራ ውጤት ለጥቂት ዓመታት ተዘንግቶ ቆየ። የአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ተነሥቶ በ1778 ፈረንሳይ፣ በ1779 ደግሞ እስፓኝ በእንግሊዝ ላይ ሲዘምቱ፣ የእንግሊዝ መርከቦች በቁጥር አነሱ። በዚያ ጊዜ የባሕር ኃይሉ የመርከቦች ጉዳይ ተቆጣጣሪ የነበረው ቻርልስ ሚድልተን፣ ቁጥር ማብዛት ባይቻል ፍጥነት መጨመር ይቻላል በሚል ሐሳብ በ1779 የባሕር ኃይሉ መርከቦች በሙሉ መዳብ እንዲለብሱ አጥብቆ ተከራከረና ፈቃድ አገኘ። በጥር ወር 1780 አድሚራል ሮድኒ በኬፕ ሴንት ቪንሰንት አጠገብ የእስፓኝን መርከቦች በሌሊት አሳድዶ የያዛቸው በመዳቡ ፍጥነት እንደሆነ ብዙዎች መሰከሩ።

ሚድልተን የአላርምን ነገር የማያውቅ ሰው አልነበረም። መዳቡን የሚይዙት ትናንሽ ምስማሮች ከመዳብ ቅይጥ እንዲሆኑ ተደርጎ ያ ችግር ተወግዶአል። የቀረው የመርከቡን ወፍራም እንጨቶች፣ ማለትም የታችኛውን አከርካሪና የጎድን አጥንቶቹን ከሳንቃው ጋር አንድ አድርጎ የሚይዘው ትልቁ የብረት ቡሎን ነበር። ለዚህም ቡናማው ወረቀት መላ ሰጠ፤ በመዳቡና በመርከቡ ገላ መካከል ውኃ እንዳያሳልፍ የተዘጋጀ ወፍራም ወረቀት ይደረግ ተባለ። በወረቀት ላይ አንድ ሙሉ የባሕር ኃይል ተመሠረተ ማለት ማጋነን አይሆንም።

ነገሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሸፈ። የመርከብ ገላ በሞገድ ይላወሳል፣ ሉሕ ይቀደዳል፣ ወረቀት ይበሰብሳል። የባሕር ውኃ አንዴ መንገድ ካገኘ ከመዳቡ ሥር ሆኖ ቡሎኑ ጋ ይደርሳል። ክፉው ነገር ደግሞ ጉዳቱ አለመታየቱ ነበር። ከመርከቡ ውስጥ ሆኖ ለሚያይ ሰው የቡሎኑ ራስ ጤነኛ ይመስላል፤ በእንጨቱ መካከል ያለው ወገቡ ግን ቀጥኖ እንደ መርፌ ሆኖአል። መርከበኞች ወደ ባሕር ሲወጡ መርከባቸው በምን ተይዛ እንደምትሄድ የሚያውቅ አልነበረም።

በነሐሴ ወር 1782 ሮያል ጆርጅ የተባለችው ባለ 100 መድፍ መርከብ በስፒትሄድ ወደብ ቆማ ለጥገና ወደ አንድ ጎን ዘንበል እንድትል ተደርጋ ሳለ በድንገት ሰጠመች፤ ከ800 የሚበልጥ ሰው አለቀ። ጉዳዩን የተመለከተው የጦር ፍርድ ቤት የመርከቧ እንጨት በመበስበሱ አንድ ዋና የአካሏ ክፍል እንደተገነጠለ በመግለጽ መኮንኖቹን ነጻ አወጣ። በኋላ ዘመን የመረመሩ ሰዎች ጥፋቱ መርከቢቱን ከልክ በላይ ካዘነበሉት ሰዎች ነው ይላሉ፤ ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። በመስከረም ወር በዚያው ዓመት ደግሞ ከካሪቢያን ወደ እንግሊዝ ይመለስ የነበረ የመርከቦች ጓድ በአትላንቲክ መካከል ከባድ ማዕበል አግኝቶት ራሚሊስና ሴንተር የተባሉት የጦር መርከቦች፣ ከፈረንሳይ ከተማረኩት ከቪል ደ ፓሪና ከግሎሪዩ ጋር ጠፉ። ማዕበል ማንኛውንም መርከብ ሊያሰጥም ስለሚችል ሁሉንም በቡሎን ማሳበብ አይቻልም። ሆኖም በመዳብ የለበሱ መርከቦች በጥገና ወቅት ሲከፈቱ ቡሎናቸው ተበልቶ እየተገኘ ስለነበረ፣ በባሕር ኃይሉ ዘንድ ጥርጣሬው ወደ እርግጠኛነት ተለወጠ። ሁለት መንገድ ብቻ ቀረ፤ ወይ መዳቡን ገፎ መጣል፣ ወይ ቡሎኑን በሙሉ መተካት።

ለስላሳውን ማጠንከር

ቡሎኑን በመዳብ መተካት በቃል ቀላል ነው። አስቸጋሪው የመርከብ ቡሎን አገባብ ነበር። የዚያ ዘመን የመርከብ ቡሎን ጥርስ ወጥቶለት በዳዶ የሚጠብቅ አይደለም። ከውፍረቱ ጥቂት በጠበበ ቀዳዳ ውስጥ በትልቅ መዶሻ እየተመታ አንዳንዴ ከአንድ ሜትር በላይ ርዝመት ባለው እንጨት ውስጥ የሚያልፍ ወፍራም ዘንግ ነው። ብረት ይህን ምት ይችላል። ንጹሕ መዳብ ግን ገና ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ይጎብጣል፣ ራሱም ይጨፈለቃል። መዳብን ከዚንክ ጋር ቀይጦ ለማጠንከር የተደረገው ሙከራ ደግሞ ቡሎኑን ተሰባሪ አደረገው።

መፍትሔው የመጣው ከኬሚስቶች ሳይሆን ከብረታ ብረት ሠራተኞች ነው። መዳብ በእሳት ሲግል እንደሚለሰልስ፣ ቀዝቅዞ ሲቀጠቀጥ ደግሞ እንደሚጠነክር ማንኛውም አንጥረኛ ያውቃል። በ1783 ዊልያም ኮሊንስና ጆን ዌስትዉድ ይህንኑ የአንጥረኛ ዕውቀት ወደ ማሽን አሻገሩት፤ የመዳብን ዘንግ በቀዝቃዛው ጎድጓዳ መስመር ባላቸው ሮለሮች መካከል እየጨመቁ በማሳለፍ የመዶሻ ምት የሚችል ቡሎን ሠሩ። የባሕር ኃይሉም ፈትኖ ተቀበለውና እስከ 1786 ድረስ መርከቦቹ በሙሉ በአዲሱ ቡሎን እንዲታሠሩ ተወሰነ፤ ሥራውም ዓመታት ወሰደ። አንድን ሙሉ የባሕር ኃይል ቡሎን በቡሎን ፈትቶ እንደገና መሥራት በታሪክ ከተደረጉት ጥገናዎች ሁሉ ከታላላቆቹ አንዱ ሊባል ይችላል፤ ቢሆንም በጦርነት ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ከአንድ አንቀጽ በላይ ስፍራ የሚሰጠው ጥቂት ነው።

ዕውቀቱ ውቅያኖስ ለመሻገር ብዙ አልቆየም። በአሜሪካ አብዮት ስሙ የገነነው የቦስተን አንጥረኛ ፖል ሪቪር፣ መዳብን ለቡሎንና ለትልልቅ ምስማር በሚሆን መንገድ ማጠንከርን ተምሮ በ1797 ወደ ባሕር ለወረደችው ለኮንስቲትዩሽን ፍሪጌት ቡሎንና ምስማር አቀረበ። በ1801 ባቋቋመው የመዳብ መዳመጫ ፋብሪካ የተሠራ ልባስም በ1803 ለብሳለች። ይህች መርከብ እስከ ዛሬ በቦስተን ወደብ አለች፤ ከ2015 እስከ 2017 በደረቅ መጠገኛ ውስጥ በነበረችበት ጊዜ የመዳብ ልባሷ እንደገና ተቀይሮአል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል፤ አንድ ነገር ግን መዘለል የለበትም። በ1824 ሰር ሐምፍሪ ዴቪ የባሕር ኃይሉ መዳብ ራሱ በባሕር ውኃ እንዳይበላ መከላከያ እንዲፈልግ ተጠይቆ፣ በመዳቡ ላይ ጥቂት ዚንክ ወይም ብረት ቢለጠፍ እርሱ በመዳቡ ፋንታ እንደሚበላ አሳየ። የተለጠፈው ብረት ስፋት ከመዳቡ ስፋት ከ1/40 እስከ 1/150 ቢሆን ይበቃ ነበር። በኬሚስትሪ ረገድ ፍጹም ድል ነው። በመርከብ ላይ ሲሞከር ግን መዳቡ መሟሟቱን ሲያቆም አረሙና ዛጎሉ መልሰው ለጠፉበት፤ መዳብ መርከብን በንጽሕና የሚጠብቀው በጥቂት በጥቂቱ እየሟሟ በመመረዝ ነበርና። ዘዴው ለመዳብ ልባስ ተተወ። ዛሬ ግን በብረት መርከቦችና በጀልባዎች የመዘውር ዘንግ ላይ የሚታሠረው፣ በየጊዜው ተበልቶ ሲያልቅ የሚቀየረው የዚንክ ቁራጭ የዴቪ ልጅ ነው።

በ1832 ደግሞ የበርሚንግሃሙ ጆርጅ ፍሬድሪክ መንትዝ 60 ከመቶ መዳብና 40 ከመቶ ዚንክ የሆነ ርካሽ ናስ አወጣ። ይህ ናስ በልባስነትና በቡሎንነት የእንጨት መርከቦችን ዓለም ወረሰ። በ1869 በስኮትላንድ የተሠራችው፣ የብረት አጥንትና የእንጨት ሳንቃ ያላት ዝነኛዋ የሻይ መርከብ ካቲ ሳርክ የታሠረችውና የለበሰችው በእርሱ ነው።

ትምህርቱ በ1786 ያበቃ የመሰለው ግን ተሳስቶአል። በ1915 በአሜሪካ ሲ ኮል የተባለች ትልቅ የሸራ መርከብ ለአንድ ባለጸጋ ተሠራች። ገላዋ ሞኔል ከተባለው፣ በባሕር ውኃ ከማይደፈረው የኒኬልና የመዳብ ቅይጥ ነበር። ሞኔሉን የደገፈው አካል ግን ተራ ብረት ነበር። ሞኔሉ ምንም አልሆነም፤ ብረቱ ግን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተበልቶ መርከቢቱ ፈርሳ ለቁራጭ ብረት ተሸጠች። ከአላርም በኋላ 150 ዓመት አልፎ፣ ጋልቫኒም ቮልታም ዴቪም ከተነገሩ በኋላ!

የጥርስ ጉዳይ

እስካሁን የተወራው ስለ ቡሎኑ ሥጋ ነው። ቡሎኑ ጥርስ ሲያወጣና በዳዶ መጥበቅ ሲጀምር ሁለተኛ ችግር ተጨመረ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እያንዳንዱ ወርክሾፕ የራሱ ጥርስ ነበረው። አንድ ቡሎን ከገዛ ዳዶው በቀር ሌላ ስለማይገጥመው፣ ሁለቱ ሲፈቱ እንዳይቀላቀሉ ምልክት ይደረግባቸው ነበር። ዳዶው የጠፋበት ሰው ቡሎኑንም እንደጠፋ መቁጠር ነበረበት።

ጆሴፍ ዊትወርዝ ከእንግሊዝ ወርክሾፖች ብዙ ቡሎኖችን ሰብስቦ ለካ፤ መካከለኛውን ወስዶም በ1841 ለሲቪል መሐንዲሶች ኢንስቲትዩት አንድ ወጥ ሥርዓት አቀረበ። የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ፣ ጫፉና ሥሩ ክብ ሆነ። በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ ጆን ፔን ለመድፈኛ ጀልባዎች የታዘዙትን 90 ሞተሮች በየወርክሾፑ አከፋፍሎ በአጭር ጊዜ ለማስረከብ የቻለው በዚህ ወጥነት ነበር። አሜሪካኖች ግን ክቡን ጥርስ መሥራት አስቸጋሪ ነው ብለው፣ በ1864 ዊልያም ሴለርስ በፍራንክሊን ኢንስቲትዩት ያቀረበውን ማዕዘኑ 60 ዲግሪ፣ ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ ጥርስ መረጡ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሁለቱ አገሮች ዕቃ አንዱ የሌላውን አልቀበልም ብሎ ብዙ ጉዳት ካደረሰ በኋላ፣ በኅዳር ወር 1948 አሜሪካ፣ እንግሊዝና ካናዳ በዋሽንግተን ተፈራርመው 60 ዲግሪውን የጋራ አደረጉ። ከ1965 ወዲህ ደግሞ የእንግሊዝ ኢንዱስትሪ ወደ ሜትሪክ ፊቱን አዞረ።

ከዚህ የተነሣ በእንግሊዝ አገር ከ1960ዎቹ በፊት የተሠራን የሸራ ጀልባ የሚጠግን ሰው ሦስት ዘመን በአንድ ቀዳዳ ውስጥ ሊገጥመው ይችላል። የዊትወርዝና የአሜሪካው ጥርስ በአብዛኛው መጠን በአንድ ኢንች ውስጥ እኩል ቁጥር አላቸው፤ ሩብ ኢንቹ ሁለቱም ዘንድ 20 ነው፣ ሦስት ስምንተኛው 16 ነው። ስለዚህ አንዱ በሌላው ላይ ይዞራል፣ ይጠብቃልም፤ የማዕዘኑ ልዩነት ግን ጭነቱን በጥርሱ ጠባብ መስመር ላይ ብቻ ያሳርፈዋል። ግማሽ ኢንቹ ጋ ሲደረስ ደግሞ ዊትወርዝ 12፣ አሜሪካው 13 ስለሆነ ዳዶው ጥቂት ዙር ሄዶ ይነክሳል። የማያውቅ ሰው ዝገት ነው ብሎ ረጅም መፍቻ ያመጣና ጥርሱን ይጨርሰዋል። ሜትሪኩም ከዚህ የተሻለ አይደለም፤ አምስት አሥራ ስድስተኛ ኢንች 7.94 ሚሊሜትር በመሆኑ ከ8 ሚሊሜትር ቡሎን በዐይን አይለይም፣ የጥርሳቸው እርምጃ ግን 1.41 እና 1.25 ሚሊሜትር ነው። በእጅ ከመሞከር በፊት የጥርስ መለኪያ ማቅረብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አሮጌው ጀልባ ዛሬ

ዛሬ የቡሎን ሻጭ ለሁሉም ጥያቄ አንድ መልስ አለው፤ የማይዝግ ብረት። በ1913 ሃሪ ብሪርሊ በሼፊልድ ካወጣው ወዲህ ይህ ብረት ብዙ ተሻሽሎአል፤ ሞሊብዲነም የተጨመረበትና 316 በሚል ቁጥር የሚታወቀው በባሕር ላይ አገልግሎቱ የታወቀ ነው። በአየር ላይ ላለ ዕቃ፣ ለምሳሌ ሸራውን ለሚወጥሩት ገመዶች መያዣ፣ መልካም ምርጫ ነው። ነገር ግን የማይዝግ ብረት የማይዝገው በገላው ላይ ያለውን ቀጭን ሽፋን ኦክሲጂን ስለሚያድሰው ነው። በረጠበ እንጨት ውስጥ ተቀብሮ አየር ሲያጣ ሽፋኑ አይታደስም፤ ራሱ እያብረቀረቀ ወገቡ በጉድጓድ ይበላል። የ1782ቱ ቡሎን በአዲስ ልብስ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ናስም እንዲሁ ያታልላል። የተራ ናስ ቪቴ በባሕር ውኃ ውስጥ ሲቆይ ዚንኩ ይወጣና ሮዝ መልክ ያለው፣ በጣት የሚፈረፈር መዳብ ይቀራል። ቀለሙ ቢጫ ስለሆነ ብቻ ነሐስ ነው ብሎ የገዛ ሰው ይህን የሚያውቀው ከዓመታት በኋላ በካቻቢቴ ሊፈታው ሲሞክር ራሱ ተቆርጦ ሲወድቅ ነው። ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እኩሌታ ወዲህ ለእንጨት ጀልባ የተመረጠው 96 ከመቶ ያህል መዳብና 3 ከመቶ ያህል ሲሊኮን ያለበት ነሐስ ነው፤ ዚንክ ስለሌለበት የሚወጣ ነገር የለውም።

ይሁን እንጂ ይህም ለሁሉም ጀልባ አይሆንም። ጀልባው ከመጀመሪያው ዚንክ በተነከረ ብረት የታሠረ ከሆነ፣ ከመካከሉ አሥር ቡሎን አውጥቶ በነሐስ የሚተካ ባለቤት ለቀሩት የብረት ቡሎኖች የአላርምን መዳብ አመጣባቸው ማለት ነው። ከታች የተንጠለጠለው የማመጣጠኛ ክብደት እርሳስ ከሆነ የነሐስ ቡሎን፣ ብረት ከሆነ ዚንክ የተነከረ የብረት ቡሎን የነባር ጀልባ ሠሪዎች ልማድ ነበር፤ ልማዱም ምክንያት ነበረው። ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት ያለው ምን እንደሆነ ነው። ለዚህም ልምድ ያለው ጠጋኝ በኪሱ ማግኔት ይይዛል፤ ነሐስን አይስብም፣ የተለመደውን የማይዝግ ብረት እምብዛም አይነካም፣ ብረትን ግን ይዞ አይለቅም። ፕሮኮፒዮስ የናቀው ድንጋይ በመጨረሻ ሥራ አገኘ።

ከ1950ዎቹ ወዲህ የመስታወት ጭረት በሙጫ ተለንቅጦ የሚሠራው ጀልባ ሲስፋፋ የገላው ቡሎን ቀረ፤ በላዩ ላይ የሚታሠሩት ዕቃዎች ግን አሁንም በቡሎን ይያዛሉ። የአልሙኒየም ምሰሶ ላይ የማይዝግ ቡሎን ሲታሠር የሚበላው አልሙኒየሙ ነው፤ ነጭ ዱቄት በቀዳዳው ዙሪያ ይታያል፣ ቡሎኑም ተጣብቆ አይፈታም። ሁለቱን የሚለይ ቅባት ወይም የፕላስቲክ ሮንዴላ በመካከላቸው ማድረግ ያስፈልጋል። የአላርም ቡናማ ወረቀት ሥራውን አልተወም፤ ከአየርና ከጊዜ ወዲህ ሊጠበቅና ሊታደስ በሚችልበት ስፍራ ስለሆነ ይኸኛው ይሠራል።

የማመጣጠኛው ክብደት ቡሎኖች ጤንነት ዛሬ በኤክስሬይ ሊታይ ይችላል። መሣሪያው በሌለበት የቆየው ዘዴ አንዱን ቡሎን መትቶ ማውጣት ነው፤ ይልቁንም ውኃ የሚቋጥርበትን ስፍራ ያለውን። የወጣው ቡሎን በጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ወገቡ በካሊፐር ይለካል፣ በፋይል ተፍቆ የውስጡ መልክ ይታያል፣ ማግኔት ይጠጋዋል፣ ጥርሱም በመለኪያ ይቆጠራል። ባለ ግማሽ ኢንች ዊትወርዝ ነሐስ ሆኖ ከተገኘ በተራ መደብር አይገኝም። የሲሊኮን ነሐስ ዘንግ ተገዝቶ በቶርኖ ላይ በ12 ጥርስ ለብቻው ይቆረጣል፤ ዳዶውም አብሮት።